ከኦስሎ በኋላ ወዴት?

የአቶ አስፋው ቤት ከጥቅምት ጀምሮ ቤት መሆኑ ቀርቶ የትኬት ቢሮ ሆኗል። የበኩር ልጃቸው ኒቆዲሞስ ኦስሎ ላይ ሊሞሸር ነው፤ ሰርጉ ከጥምቀት በኋላ፣ በዚያ አገር በረዶ ሰው በሚውጥበት ወር ነው። የአባት፣ የእናትና የእህት ቪዛ ተመትቷል። ያን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ሰርግ ብቻ በልቶ መመለስ ደግሞ ለመካነ ሰላም ነጋዴ ነውር ነውና "ከኦስሎ በኋላ ወዴት?" የሚለው ጥያቄ የቤቱን ሰው ሥራ አስፈታው። ቆርቆሮ ሊገዛ የመጣ ገበሬ ሳይቀር ስለ ጣሊያን ብርድ ሐሳቡን እንዲሰጥ ይጠየቅ ጀመር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰቡ ሳሎን ተሰበሰበ። ስልኩ የውሃውን ጆግ ተደግፎ ቆሟል፤ በውስጡ ኒቆዲሞስ ጆሮውን በሱፍ ኮፍያ ሸፍኖ ይታያል።

"በሉ እንግዲህ ምረጡ" አለ። "ምርጫው የእናንተ ነው።"

"ዱባይ" አሉ አቶ አስፋው ሳያቅማሙ። "የቆርቆሮውን ዋጋ ከምንጩ ልየው። በረዶ አታሳየኝ፤ የኅዳር ውርጭ ደጄ ላይ አለልኝ።"

ወይዘሮ ደብረወርቅ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እሳቸው ብዙ አይናገሩም። "ኢየሩሳሌም" አሉ ቀስ ብለው። "እናቴ እሳለማለሁ እንዳለች ሞተች። እኔ አውሮፕላን ላይ ወጥቼ፣ ያን ሁሉ አገር ዞሬ፣ ሳልሳለም ብመለስ ምን እባላለሁ?"

"እማዬ፣ እሱ በሌላ ጊዜ ይደርሳል" አለ ኒቆዲሞስ። "አንቺስ ትህትና?"

"ቬኒስ" አለች ትህትና፣ ከዚያም ከአፏ በመውጣቱ ራሷ ደነገጠች።

ቬኒስን ያሳያት ኪዳነማርያም ነበር። አምና በምትሠራበት መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፎ፣ ከስልኩ። "እይ እስቲ ገበያ በጀልባ ሲሄዱ" ብሏት ነበር፤ "የአባቴ በቅሎ የዝናብ ኩሬ ስታይ እንኳ አልሻገርም ብላ ትገግማለች።" ወረፋ የቆመው በሽተኛ እስኪቆጣቸው ድረስ ሳቁ።

"ቬኒስ በጥር ጭጋግ ነው፤ ምንም አይታይም" አለ ወንድሟ።

"እሺ፣ ሮም።"

"ሮም ሌባ ነው።"

"ፓሪስ።"

"ፓሪስ ወረፋ ነው፤ በብርድ ቆማችሁ ልትውሉ ነው?" ኒቆዲሞስ ጉሮሮውን ጠረገ። "ለምን ስቶክሆልም አትሄዱም? ከእኛ በባቡር ነው። ጓደኛዬ አወቀ እዚያ አለ። ሐኪም ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ እንግዳ ይወዳል።"

"እሱ ጥሩ ነው" አሉ አቶ አስፋው፣ ዱባይን እንዳልጠሩ ሁሉ።

ትህትና አባቷ የቆርቆሮን ነገር እንዲህ በቀላሉ ሲተዉ አይታ አታውቅም። ምርጫው የእናንተ ነው ተብሎ የተመረጠው ከሦስቱ አንዱም ያልመረጠው አገር ሆነ። ይህ ምን ዓይነት ምርጫ ነው ብላ ልትናገር አፏን ከፈተችና ተወችው። ከጥቅምት ማርያም ወዲህ ለምንም ነገር ጉልበት አልነበራትም።

የኪዳነማርያም ሽማግሌዎች ደጃቸው የቆሙት በዚያ ቀን ነበር። ኪዳነማርያም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር፣ ከከላላ በኩል የመሪጌታ አራጌ ልጅ ነው። አቶ አስፋው እንደ ወጉ "እንመክርበታለን፣ ተመለሱ" ብለው ቀጠሮ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ግን አልተመለሱም። "ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናላ" አሏት አባቷ፤ "የቆሎ ተማሪ ዘር ቃሉ አይጸናም።" ደወለች፤ አላነሳም። ጻፈችለት፤ "መልካም መንገድ ይሁንልሽ" የሚል መልስ መጣላት። ሌላ ምንም የለም። ያቺን አንዲት መስመር ባነበበቻት ቁጥር ከእንባዋ ንዴቷ ይቀድማል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያያት የኖረ ሰው እንደ መንገደኛ ይሸኛታል? ለዚህ ሰው ነበር እንዴ ልቧን የሰጠችው?

* * *

ማክሰኞ ጠዋት ሼህ ሙሐመድአሚን ለደም ግፊት ኪኒናቸው መጡ። ሼሁ የከተማው አንጋፋ አስታራቂ ናቸው። በአካባቢው ወግ እስላሙም ክርስቲያኑም ሽማግሌ ሲልክ እሳቸውን ፊት ሳያደርግ አይሄድም፤ ለኪዳነማርያምም የሄዱት እሳቸው ነበሩ።

"እንዴት አደርሽ ልጄ፣ አማን ነሽ ወይ?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ጋሼ" አለች። ፈገግታዋ ከከንፈሯ አላለፈም።

ሼሁ ትክ ብለው አዩዋትና ራሳቸውን ነቀነቁ። "አብሽሪ የኔ ልጅ። አላህ የተሻለውን ያውቃል። በእኛ ቢሆን ስድስተኛ ቤት እንቅፋት አይሆንም ነበር። በእናንተ ግን ሰባት ቤት ካልሞላ ምን ይደረጋል? ዘመድ ሆናችሁ ተገኛችሁ።"

ትህትና ኪኒኑን እንደያዘች ቀረች። "ማንና ማን?"

"አንቺና ኪዳነማርያም ናችኋ።" አሁን ሼሁም ደነገጡ። "አባትሽ አልነገሩሽም እንዴ? የቀጠሮው ቀን ሳይደርስ አስጠርተውን፣ በእናታቸው በሰብሌ በኩል ዘር ቆጥሬ ከመሪጌታው ወገን ጋር ስድስተኛ ቤት ላይ ተገናኘሁ አሉን። ለመሪጌታው አደረስን። እሳቸውም በበኩላቸው ቆጥረው፣ እውነት ነው፣ ሰብሌ ወገናችን ናት አሉ። በዚሁ ተዘጋ።"

"ለእኔ ግን የነገረኝ የለም።"

"ወላሂ የምታውቂ መስሎኝ ነው። አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

አውፍ አለቻቸው፤ እሳቸው ምን አደረጉ? ከሄዱ በኋላ ግን ባንኮኒውን በሁለት እጇ ይዛ ቆመች። ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ መሪጌታው ያውቃሉ፣ ኪዳነማርያም ያውቃል። የተቆጠረው ዘር የእሷ ነው፤ የፈረሰው ጋብቻ የእሷ ነው፤ ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። በሬ ሲሸጥ እንኳ ጥርሱ ይታያል፤ እሷን ዞር ብሎ ያያት አንድ ሰው አልነበረም። ደሟ እየፈላ መድኃኒት ቤቱን ለባልደረባዋ ትታ ወጣች።

* * *

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስትደርስ ነጭ ጋዋኗን አላወለቀችም ነበር። ኪዳነማርያም እጅጌው በጠመኔ ነጥቶ ከክፍል ሲወጣ አያት። ዓይኑ እንደ ድሮው በራ፤ ከዚያ አንድ ነገር እንዳስታወሰ ሰው ወደ መሬት ወረደ። ትህትና ሁለቱንም አየች። ይበልጥ ያናደዳት ያ መጀመሪያ የበራው ነው።

"ዓይንህን አንሳ" አለችው።

"ትህትና፣ ተማሪ እያየን ነው።"

"ይይ። ዘሬ አደባባይ ወጥቶ ተቆጥሯል፤ ተማሪ ቢያየኝ ምን ይጎድልብኛል?"

ኪዳነማርያም የያዛቸውን ደብተሮች ደረቱ ላይ አስጠጋ። "የነገሩሽ መስሎኝ ነበር።"

"ማን ይንገረኝ? የምትነግረኝ አንተ ነበርክ። ከደንበኛ አፍ ነው የሰማሁት፣ ኪኒን እየቆጠርኩ። 'መልካም መንገድ' አልከኝ እኮ። ለጎረቤትም ከዚህ የተሻለ ይባላል።"

"ፈርቼ ነው" አለ። ድምፁ ወረደ። "አባቴ ደጋግመው ቆጠሩ። እኔም አጠገባቸው ሆኜ ቆጠርኩ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ሌላ መልስ እንዲመጣልኝ ያልሞከርኩት መንገድ የለም። ያው ስድስት ይመጣል። ድምፅሽን ብሰማ ደግሞ ስድስትም ይሁን አምስት ግድ የለኝም እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ። በደም ኃጢአት ውስጥ ይዤሽ እንዳልገባ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ንዴቷ ለአፍታ መቆሚያ አጣ። እውነት ከሆነስ? እማማ ሰብሌ በሕይወት ሳሉ የዘራቸውን ስም ከላይ እስከ ታች ሲደረድሩ ሰምታለች፤ የመሪጌታው ወገኖች ስም በመካከሉ ነበር። ልክ ነው። የክፍሉን ግድግዳ ተደገፈች። ኪዳነማርያም ሊደግፋት እጁን ዘረጋና መንገድ ላይ መለሰው። ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ ያ የተመለሰ እጅ አንጀቷን ቆረጠው።

"አባቴ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ?" አለች። "ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል ነው ያሉኝ። ቃሉ አይጸናም።"

"እኔ?" ኪዳነማርያም አሁን ቀና አለ። ጆሮው ድረስ ቀላ። "እኔን ነው ቃሉ አይጸናም ያሉት?"

"አንተን። ታዲያ ነገሩ እውነት ከነበረ ለምን ዋሹኝ? ዘመዳሞች ሆናችሁ ተገኛችሁ፣ እግዚአብሔር አተረፋችሁ ብለው መንገር የነበረባቸው ቀድሞ ለእኔ አልነበረም? እንዲህ ያለውን ነገር ከልጁ የሚደብቅ አባት አለ?" ወዲያው የእሑዱ ምርጫ ትዝ አላት። ጭጋግ የሆነው ቬኒስ፣ ሌባ የሆነው ሮም፣ እንግዳ የሚወደው ሐኪም። "ስቶክሆልም" አለች።

"ምን?"

"ለምን ስቶክሆልም እንደሆነ አሁን ገባኝ።" ጋዋኗን ሰብስባ ዞረች። "ከዛሬ ጀምሮ ስደውልልህ ታነሳለህ።"

"አነሳለሁ" አለ። ትምህርት ቤቱን እስክትወጣ ድረስ ዓይኑ ጀርባዋ ላይ እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ይህን ማወቋ አላበረዳትም፣ ይበልጥ አጋላት እንጂ።

* * *

ቤት ስትገባ ስልኩ እንደገና ጆጉን ተደግፎ ቆሟል። አቶ አስፋው መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ፤ እናቷ ጥግ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

"ደህና ደረስሽ" አለ ኒቆዲሞስ ከማዶ። "የስቶክሆልሙን ትኬት ልቆርጥ ነው።"

"የእኔን አትቁረጥ።" ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። "አባባ፣ ከኪዳነማርያም ጋር ስድስተኛ ቤት እንገናኛለን ወይ?"

አቶ አስፋው መነጽራቸውን አወለቁ። "ሰማሽ? ከሰማሽ ደግ። እንዳይከፋሽ ብዬ ነው የደበቅሁት።"

"ሐሳቡን ቀየረ ሲሉኝ አልከፋኝም መሰለዎት?" ንዴቷ ጣራ ቢነካም አንቱታዋን አልጣለችም። "ሰውየውን ከሐዲ አድርገው፣ እኔን የተጣለች አድርገው ተቀመጡ። አወቀ የሚባለውስ? እሱን ከእኔ ጋር ቆጥራችሁታል? ስንተኛ ቤት ነው እሱ?"

"ትህትና፣ መተዋወቅ ብቻ እኮ ነው" አለ ኒቆዲሞስ። "የሚያስገድድሽ የለም።"

"አንተ ዝም በል። እኔ ወንድሜን ልድር ቀሚስ አሰፋለሁ፣ አንተ በሰርግህ ሰበብ ጭነህ ልትወስደኝ ታስባለህ። ከተማ ምረጪ ትለኛለህ፤ ለካ የተመረጥኩት እኔ ነኝ።"

"ይበቃል" አሉ አቶ አስፋው። "የተቆጠረ ተቆጥሯል። ዘር በጩኸት አይለወጥም።"

የምስሩ ሰፌድ መሬት ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ደብረወርቅ ተነሡ።

"አስፋው" አሉ። ከተጋቡ ጀምሮ ባላቸውን በስማቸው ጠርተው፣ አንተ ብለው አያውቁም። "አስፋው፣ እማማ ሰብሌ ወለደችህ?"

ከማዶ ኒቆዲሞስ ኮፍያውን አወለቀ።

"የወለደችህ በዛች ናት" አሉ እናቷ። "ጡት ሳታስጥልህ ሞታ መቅደላ፣ ማሻ ተቀበረች። አባትህ ሰብሌን ያገባት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ፤ ሌሎቹ የሚያውቁት ከመሬት በታች ናቸው። ሰብሌ የመሪጌታው ወገን ናት። አንተ ግን አይደለህም፤ ልጄም አይደለችም። ባሌን አላዋርድም ብዬ አፌን ይዤ ቆየሁ። ኢየሩሳሌም ውሰዱኝ እያልኩ ስለምናችሁ፣ ይህን በሆዴ ይዤ የትኛውን ደጃፍ ልስም ነው እያልኩ ስቃጠል ከረምኩ። ይህ ሳይስተካከል ኢየሩሳሌምም ይቅር፣ ኦስሎም ይቅር። ልጅህ ያለ እናት ይሞሸር።"

"እማዬ" አለ ኒቆዲሞስ።

አቶ አስፋው ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚያች ደቂቃ ግን ሶፋው ሰፋባቸው። "ሰብሌ ጀርባ ላይ ነው ያደግሁት" አሉ። "ለራሷ ሳትቀምስ አጉርሳኛለች። የእንጀራ እናት የሚባል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አሁን ሽማግሌ ፊት ቆሜ ሰብሌ እናቴ አይደለችም ልበል?"

ትህትና አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም ነበር። ሄዳ ልታቅፋቸው ልቧ ዳዳ። እግሯ ግን እምቢ አላት፤ ንዴቷም ልክ ነበር።

"እናትዎ ናት" አለች። "ማንም አይነጥቀዎትም። ግን እንዲህ የሚወዷትን ሴት ከመቃብር አንስተው አጥር አደረጓት፣ የገዛ ልጅዎን ለማጠር። እሷ ብትኖር ምን ትልዎት ነበር?"

"የመሪጌታ ልጅ ምን አብልቶ ያኖርሻል ብዬ ነው። አባቱ ቅኔ እንጂ ሌላ ጥሪት የለው። እኔ ያየሁትን ችግር እንዳታዪ ብዬ ነው።"

"የምበላውን ራሴ እሠራለሁ፣ አባባ። የሚያበላኝ አልፈለግሁም። የሚያየኝ ነው የፈለግሁት፤ እዚህ ቤት ያላገኘሁት እሱን ነው።"

ትህትና ያን የመጨረሻውን ቃል በመናገሯ አልተጸጸተችም፤ ከተናገረችው በኋላ ግን አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

* * *

ቅዳሜ ቆጠራውን ሊያርሙ ወደ ከላላ ሲሄዱ አቶ አስፋው ከሚኒባሱ የፊት ወንበር ተቀመጡ። ሼህ ሙሐመድአሚን ከጎናቸው ነበሩ። ትህትና ከእናቷ ጋር ኋላ ተቀምጣ የአባቷን ማጅራት ስታይ ሄደች። በወጉ ሴት ልጅ በእንዲህ ያለ ጉዳይ አትከተልም። "ስቆጠር አልነበርኩም፤ አሁን ልኑር" ብላ ነው የመጣችው፤ የከለከላትም የለም።

መሪጌታ አራጌ ደጃቸው ላይ ተቀበሏቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ እንግዳውን የሚለዩት በድምፁ ነው። ኪዳነማርያም ከአባቱ ኋላ ቆሟል። ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ አቶ አስፋው ብቻቸውን ተነሥተው ቆሙ።

"የቆጠራችሁት ልክ አይደለም" አሉ። "ያሳሳትኋችሁ እኔ ነኝ። ሰብሌ አሳደገችኝ። የወለደችኝ..." እዚያ ላይ ቆሙ። ሼሁ "አብሽር" አሏቸው በቀስታ። "የወለደችኝ በዛች ትባላለች። እኔ የበዛች ልጅ ነኝ።"

ስሙን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር የጠሩት፤ ሲጠሩት ድምፃቸው የትንሽ ልጅ ድምፅ ሆነ። ትህትና ይህን ቀን ያሰበችው በሌላ መልኩ ነበር። አባቷ ሲዋረዱ አይታ ልትረካ ነበር፤ አልረካችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ስለማታውቃት አያቷ፣ ስሟ እንኳ ሳይጠራ ስለኖረችው ሴት እንባዋ ወረደ። ያችም ሴት ተደብቃ ነበር ለካ።

"በሰው ልጅ ተስፋ ላይ እንዲህ አይደረግም ነበር፣ አቶ አስፋው" አሉ መሪጌታው። "ልጄ ሰውነቱ አልቋል። ይሁን። በሉ በበዛች በኩል እንደገና እንቁጠር፤ አሁን ሳልቆጥር ልተወው ብልም አልችልም።"

ትህትና ይህን አላሰበችም ነበር። በዚያኛውም በኩል ቢገናኙስ? አቶ አስፋው ከአባታቸው አንደበት የሰሙትን ስም ይጠራሉ፤ መሪጌታው ከራሳቸው ወገን ይመልሳሉ። አንድ ትውልድ ወጡ፣ ደግሞ ሌላ። ኪዳነማርያም ጣቶቹን በጉልበቱ ላይ አንድ በአንድ ያጥፋል። አምስተኛው ላይ ሲደርሱ "ፈንታው" የሚል ስም ከሁለቱም ወገን ወጣ፤ ትህትና የእናቷን ነጠላ ጨበጠች።

"የእናንተው ፈንታው የት የነበረ ነው?" አሉ መሪጌታው።

"የመቅደላው" አሉ አቶ አስፋው።

"የእኛው የዚሁ የመካነ ሰላም ቦረና ነው፤ አባቱም ሌላ ነው። ቀጥሉ።"

ቀጠሉ። ሰባት ሞላ፤ መሪጌታው አላመኑም፣ ወደ ስምንት ወጡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አይገናኝም" አሉ።

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሼሁ፤ ወይዘሮ ደብረወርቅም ሳያስቡት አብረው "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ኪዳነማርያም ተነሥቶ ለእንግዶቹ ውሃ ቀዳ። ለትህትና ብርጭቆውን ሲሰጣት ጣቶቻቸው ተነካኩ፤ እጁን አልመለሰም፣ እሷም አልመለሰችም። ዓይኑን ቀና አድርጎ አያት። ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። ቆይ፣ አንተን ገና አልጨረስኩህም የሚል ዓይን መለሰችለት፤ እሱም ገብቶት ከንፈሩን ነክሶ ሳቀ።

"ኦስሎ የሚባል አገር ልትሄዱ ነው አሉ" አሉ መሪጌታው ጨዋታ ለመቀየር። "ከሰርጉ በኋላስ ወዴት ናችሁ?"

"እኔ ኢየሩሳሌም" አሉ ወይዘሮ ደብረወርቅ። አቶ አስፋው "አዎ፣ አብረን" አሉ፤ ስለ ቆርቆሮ አላነሡም።

"አንቺስ ልጄ?"

ትህትና አባቷን አየች። አባቷ እሷን አዩ፤ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። በዚያ ወቅት ሁሉ እሷ ስትጠየቅ ሌላ ሰው ያልመለሰላት ያን ጊዜ ብቻ ነበር።

"ወደዚህ" አለች፣ ንዴቱ ገና ከድምፅዋ ሳይወጣ።